የደብሬ ቤት ዝምታ

ድንኳኑ ሲተከል ደብሬ ቤት አልነበረችም። ገና ሳይነጋ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖው ጋ ተሰልፋ ነበር። በግንቦት ወር ሰቆጣ ላይ በአህያ የሚዞረው ውሃ ጀሪካኑ አርባ ብር ገብቷል፤ ቦኖው ጋ ሁለት ብር ነው፤ ልዩነቱን ሰው በእግሩና በእንቅልፉ ይከፍላል። ደግነቱ ሰልፉ ላይ ወሬ በነፃ ነው። የሽንኩርቱ ዋጋ፣ የመብራቱ ነገር፣ ትናንት ከዝቋላ ወረዳ በኩል የተሰማው ድምፅ ከባድ መሣሪያ ይሁን ነጎድጓድ፣ ሁሉም በየተራው ተነሣ። ነጎድጓድ ነው ያሉት አሸነፉ፤ ብዙ ስለነበሩ። ፈረንጅ ጋዜጠኞች ዛሬ ከተማ ገብተው አዛዡን ያነጋግራሉ የሚል ወሬም ተጀምሮ ነበር፤ ደብሬ ግን ተራዋ ስለደረሰ መጨረሻውን አልሰማችውም።

አንድ ሰዓት ላይ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ሰፈሯ ስትታጠፍ ደጇ ላይ የእድሩን ድንኳን አየች። የእድር ድንኳን ሰው ደጅ ላይ የሚቆመው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ለሠርግ ሌላ አለ፤ ነጭ፣ ጫፉ ዘርፍ ያለው፣ ከነወንበሩ የሚከራይ። ይሄኛው አመድማ ሸራ ነው፤ ከሩቅ አይቶት ማን ሞተ ብሎ የማይጠይቅ ሰው ሰቆጣ ውስጥ የለም። ፊት ለፊቱ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ከሁሉም ፊት ጎረቤቷ አመተ ማርያም አለች። አመተ ማርያም ለቅሶ ላይ አቻ የላትም፤ የማታውቀውን ሟች እንኳ ከሚያውቁት በላይ አሳምራ ታነሣዋለች። ማልዳ በሯን ስትከፍት ድንኳኑን አየች፤ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ነጠላዋን ገለበጠች፣ ጮኸች፣ ሰፈሩ ተከተላት። አሁን ደብሬን ሲያዩ ሁሉም ባንድ ላይ "አንዷለም! ወይኔ አንዱዬ!" እያሉ መጡባት፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኽምጥኛ።

ደብሬ ከወንድሟ ሌላ የሚሞትባት አንድ ሰው ብቻ ነው የቀራት። አስተማሪው ባሏ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጇ አንዷለም ከዘመተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ባለፈው ሐምሌ ሲሆን ያኔም ያወራው ስለ ጫማ ነበር። ጀሪካኑን አልጣለችውም። ገመዱን ከትከሻዋ ፈታች፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ክዳኑ መጥበቁን በመዳፏ ሞከረች። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ታናሽ ወንድሟ ምትኩ፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የድንኳን ገመድ በእጁ እንደያዘ ከግቢው ወጣ። አያት። ለአፍታ ባለበት ቆመ። ከዚያ ገመዱን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

"ተዉ! ተዉ እንጂ! ማንም አልሞተም! ድንኳኑ ለእንግዳ ነው!"

"የምን እንግዳ?" አለች አመተ ማርያም፣ ድምፅዋን ከለቅሶው ሳታወርድ።

"ለአዛዡ! ለመኪናቸው!"

ነገሩ ይህ ነበር። ትናንት፣ የሠራዊቱ የሚዲያ ክፍል ባልደረባ የሆነው መቶ አለቃ በእውቀቱ ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ቤት ሲፈልግ ዋለ። ቢሮዎቹ መስኮታቸው ረግፏል፤ ሆቴሉ ከአልጋው ጀምሮ ተዘርፏል። የደብሬ ሳሎን ግን ባሏ በሕይወት ሳለ በትልቁ ያስከፈተው የምሥራቅ መስኮት አለው። ደብሬ ገበያ በሄደችበት ምትኩ በሩን ከፍቶለት፣ በእውቀቱ መሃል ቤቱ ላይ ቆሞ፣ በሁለት እጁ ጣቶች አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ "ብርሃን አለው" አለ። ቤቱ በዚያው ተመረጠ፤ ለደብሬ እነግራታለሁ ያለው ምትኩ ግን አልነገራትም። የቀረው የአዛዡ መኪና ነበር። መኪናው ከሰማይ መታየት የለበትም፤ ከላይ ምን እንደሚዞር ማንም አያውቅም። እናም ምትኩ በከተማው ያለውን ትልቁን ሸራ ንጋት ላይ እንዲያቆም ታዘዘ። በከተማው ያለው ትልቁ ሸራ የእድሩ ነው።

ደብሬ ከመሬት ተነሣች። ጉልበቷ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈች፣ ሳቀች፣ ሳቋ መንገድ ላይ ተሰበረ፣ እንደገና ሳቀች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ቦታው ለመመለስ ዞር ዞር አሉ። አመተ ማርያም ሰው ፊት ልብሷ እንደወለቀ ሁሉ አፍራ ነበር። "እኔ ምን ላድርግ፣ ደብርዬ" አለች፤ "ድንኳን አየሁ፤ ድንኳን አይቶ ዝም የሚል ጎረቤት ይሻልሻል?" በዚህ መሃል አዛዡ ሳይመጡ መኪናቸው ቀድሞ መጣ፤ ሰፊ፣ በጭቃ የተለቀለቀ ላንድክሩዘር፤ እየተንፏቀቀ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ቆመ። ሴቶቹም ነፍሮ ቀቅለው መጥተዋል፣ ፈረንጅም ማየት ይፈልጋሉ፤ የእድሩ አግዳሚዎችም ተደርድረዋል። ስለዚህ በመኪናው ዙሪያ ተቀመጡ። ከመንገድ የሚያይ ሰው ላንድክሩዘሩ ሞቶ እየተለቀሰለት ነው ሊል ይችላል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለ በእውቀቱ ሲመጣ።

"ለቀስተኞች ነበሩ" አለ ምትኩ።

"ማን ሞቶ?"

"ማንም።"

በእውቀቱ ሴቶቹን ቆጠራቸው። በየሁለት ቃሉ ሰዓቱን የሚያይ፣ ኮሌታው በጦርነትም የማይጨማደድ ልጅ ነው። "ማንም ካልሞተ ፀጥታ ይፈቀድላቸዋል" አለ። "ለቅሶ ግን አይፈቀድም። አዛዡ ስለ ኪሳራ ይጠየቃሉ፤ የሚመልሱትን ከውጭ እንድታስተባብሉባቸው አልፈልግም።" ቀልድ መስሏቸው ከሴቶቹ ሁለቱ ሳቁ። በእውቀቱ አልሳቀም።

ሳሎኑ ውስጥ ደብሬ የራሷን ቤት እንደ እንግዳ ግድግዳ ተደግፋ አየችው። ሶፋው ተገፋ። ዳንቴሉ በካሜራ ላይ ይዘባርቃል ተብሎ ተነሣ፣ ቀጥሎ ያለ ዳንቴል ቤቱ ደሃ ይመስላል ተብሎ ተመለሰ። የአንዷለም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፎቶ መስታወቱ ብርሃን ስለሚመልስ ከሚስማሩ ወርዶ መኝታ ቤት በደረቱ ተኛ። ለአዛዡ የታሰበው ነጠላ ሶፋ ስፕሪንጉ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ አንድ ወታደር ሲሞክረው ጉልበቱ አገጩ ድረስ ወጣ። "በዚህ ከተቀመጡ ጋዜጠኛዋ ትበልጣቸዋለች" አለ በእውቀቱ፤ ትራሱ ሥር የጥይት ሳጥን ገባ። አሁን ወታደሩ በጣም ከፍ አለ፤ ሳጥኑ በጎኑ ተጋደመ፣ ትክክል ሆነ። ደብሬ ይህን ሁሉ ስታይ ተናደደች ለማለት ያስቸግራል። ከዓመት በላይ ያ ሳሎን ከእሷ ሌላ ሰው ብዙም አልተቀመጠበትም። እሑድ እሑድ ምትኩ ይመጣል፤ ቁርሱን በልቶ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሁለት ቃል ተናግሮ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ ይሄዳል። እሷ ስለ አንዷለም ታወራለታለች፤ በሕልሟ እንደመጣ፣ ሲመለስ እዚህ መስኮት ዳር ጠረጴዛ እንደምታደርግለት። ምትኩ "ይሁን" ይላል። ወንድሟ ከድሮም ቃል አይወድም ብላ ለራሷ ነግራ ነበር። ዛሬ ግን ቤቷ ውስጥ አሥር ሰው እየተጋፋ ነው፤ "እማማ፣ ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ" የሚላት አለ። ዶሮዋን ማይክ ላይ እንዳይጮህ ጆንያ ውስጥ ሲከቱት እንኳ አልተቃወመችም።

አራት ሰዓት ላይ ጋዜጠኞቹ መጡ። ሁለት ናቸው፤ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ ባለሦስት እግር ካሜራ የተሸከመች ረጅም ሴት፣ እና ጆሮው ላይ ሁለት ኩባያ የሚያህል ማዳመጫ የደፋ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ድመት የሚመስል ጠጉራም ማይክ የያዘ ሽማግሌ። አስተርጓሚያቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ለሁሉም ሰው እጅ ነሣ፣ ጆንያው ውስጥ ላለው ዶሮም ሳይቀር ሊነሣ ምንም አልቀረውም። አዛዡ በእግራቸው መጡ። ደንዳና፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ደብሬን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "እናት፣ ቤትዎ ቤታችን ነው" አሉ። ቀና ሲሉ ቤቱ እውነትም የእሳቸው ይመስል ነበር። በሩ ተዘጋ። ደጅ ሲያጓራ የነበረው የወታደሮቹ ጄኔሬተር ጠፋ። በእውቀቱ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ለግቢው ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አሳየ።

ደብሬ ቤቷ ተዘግቶባት ደጅ ቀረች። ከሴቶቹ ጋር ልትቀመጥ ወደ ድንኳኑ ገባች። ሴቶቹ ከመኪናው ፊት ለፊት ሆነው ነፍሮውን በጸጥታ ይቆረጥማሉ። ከመኪናው ኋላ፣ ሸራው መሬት በሚነካበት ጥግ፣ ምትኩ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፀሐዩ ከብዶት ይሆናል ብላ ጠጋ አለች። እያለቀሰ ነበር። ድምፅ የሌለው፣ ከሆድ የሚመጣ፣ ሰው ይየኝ የማይል ለቅሶ። ሁሉም የጠዋቱን ስሕተት አራግፎ ነፍሮ ይበላል፤ ስሕተት መሆኑን የተናገረው ሰው ብቻ ያለቅሳል።

"ምትኩ" አለች በሹክሹክታ። "ተሳስታችሁ ነው ያልከው አንተ ነህ እኮ። ምን ሆነሃል?"

ጋቢውን ይበልጥ ወደ ፊቱ ሳበ።

"ቀና በል እስቲ፣ ወንድሜ።"

ቀና አላለም። ደብሬ አጠገቡ ተቀመጠች። ጠዋት ከግቢው ሲወጣ፣ ገመዱን እንደያዘ፣ አይቷት ሳለ ሳይናገር የቆመባት ያቺ አፍታ ትዝ አለቻት። ሮጦ የመጣው ቆሞ ከቆየ በኋላ ነው።

"የእድሩን ድንኳን በእኔ ደጅ ስትተክል ሰው ምን ይላል ብለህ አላሰብክም?"

"አሰብኩ፣ እትዬ።"

"አስበህ ነው የተከልከው?"

"መኪናውን በሌላ ሸራም መሸፈን ይቻል ነበር። ቀበሌው ሸራ ነበረው።" ጋቢው ውስጥ ሆኖ ነው የሚናገረው። "ድንኳኑ ቢነግርሽ ብዬ ነው። እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ከዚያ መሬት ላይ ስትቀመጪ ሳይሽ አልቻልኩም።"

ከሳሎኑ በመስኮት በኩል የአዛዡ ድምፅ ይመጣል፤ ስለ ኮረብታዎች ያወራሉ፤ የትኛው በማን እጅ እንዳለ። ደብሬ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። "ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?" አለች።

"ከመስቀል ማግስት ጀምሮ። አምደወርቅ ለስብሰባ ሄጄ አብሮት የዘመተውን ዘመነን አገኘሁት፣ ቁስለኞች ወደ ባሕር ዳር ሲያሳልፉ። አብረው ነበሩ። የቀበረው እሱ ነው። እኔ ራሴ እነግራታለሁ ብዬ አስማልኩት።"

ከመስከረም እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው። ደብሬ ወሩን አልቆጠረችም። እሑዶቹን አሰበች። ከዚያ ሌላ ነገር አሰበች።

"በጥር ሹራብ ሰጥቼህ ነበር። የሚሄድ መኪና አገኘሁ ብለህ ወሰድክልኝ።"

"እቤት ነው ያለው። ሳጥን ውስጥ።"

"ልኩ ሆነ ወይ ብዬ ስጠይቅህ" አለች፣ "እጅጌው ትንሽ ረዝሞበታል አልከኝ።"

ያን እጅጌ ያስረዘመው ምትኩ ራሱ ነው፤ አንድ እሑድ፣ ጥያቄዋ ድንገት ሲመጣበት፣ ውሸቱ እውነት እንዲመስል። እሷ ደግሞ ያን ሳምንት በሙሉ ልኩን በማበላሸቷ ስትጸጸት ከርማ ነበር። ልጁ እጅጌውን እየጠቀለለ ምሽግ ውስጥ ሲቀመጥ ታየው ነበር። አሁን ሹራቡን ትታ ልጁን ለማየት ሞከረች፤ የመጣላት ግን ሳጥኑ ውስጥ የታጠፈው ሹራብ ነው። ጠዋት መሬት ላይ ተቀምጣ የተቋረጠባትን ለቅሶ ልትጨርስ አፏን ከፈተች።

"እማማ፣ እባክዎ!" በእውቀቱ የመኪናውን ጎን ታክኮ ብቅ አለ፤ በሹክሹክታ እየጮኸ። "ማይኩ የዝንብ ክንፍ ሳይቀር ይስባል። ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቀረን።" ፊቷን አላየም፤ ሰዓቱን አየ። "ደግሞ ፈረንጇ የቤቱ እናት ውሃ ስታቀርብ እንቅረጽ ብላለች። የእናት እጅ ጥሩ ይወጣል። አሁኑኑ ቢያመጡልን።"

ለምን እሺ እንዳለች ኋላ ብትጠየቅ መልስ አይኖራትም። እንግዳ ቤቷ ተቀምጦ ውሃ ተጠይቃለች፤ ለዚህ ሰው አያስብም። ተነሣች። ከሴቶቹ ፊት ስታልፍ አመተ ማርያም "ሊያነሡሽ ነው? ነጠላሽን አስተካክዪ!" ብላ በሹክሹክታ ጫፉን ጎተት አደረገችላት። ማጀት ገብታ የባሏን ወዳጆች የምታስተናግድባቸውን አምስት ብርጭቆዎች አወረደች፣ ማለዳ ካመጣችው ውሃ ቀዳች፣ በትሪ ደረደረች። ወታደሩ በሩን ያለ ድምፅ ከፈተላት። ገባች።

ጋዜጠኛዋ ጠየቀች፤ አስተርጓሚው አቀረበው። "በዚህ ዘመቻ ምን ያህል ሰው እንዳጣችሁ ማወቅ ትፈልጋለች።"

አዛዡ ሳጥናቸው ላይ ተደላደሉ። "ከቁጥር የሚገባ አይደለም" አሉ።

አስተርጓሚው ተረጎመው፤ በእንግሊዝኛ አጭር ነበር። ጋዜጠኛዋ ጻፈች፤ አመሰገነች። ሁሉም ሊነሣ ሲል ማዳመጫ የደፋው ሽማግሌ እጁን አነሣና የሆነ ነገር ተናገረ።

"ይቅርታ" አለ አስተርጓሚው። "አንድ ደቂቃ ማንም እንዳይናገር፣ እንዳይንቀሳቀስ ይላል። የቤቱን ዝምታ መቅዳት አለበት።"

"ዝምታ ይቀዳል እንዴ?" አሉ አዛዡ።

"እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዝምታ አለው ይላል። ንግግሩን ሲቆራርጡ ስፌቱ እንዳይታይ መሃል መሃሉን በዝምታው ይለጥፉታል።"

አዛዡ ነገሩን ወደዱት። "ሰማችሁ? ዝም በሉ!" ብለው ጮኹ። በእውቀቱ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ግቢውን በጣቱ ጸጥ አሰኘ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ኮረብታ ሲይዙና ሲለቁ የኖሩት አዛዥ ጉልበታቸውን ይዘው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ፤ ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ወታደሩ በሩ ላይ፣ ጋዜጠኛዋ ብዕሯን አንሥታ፣ ሁሉም ባለበት ረጋ። ደብሬ መሃል ቤቱ ላይ ነች፤ ትሪው በእጇ ነው።

የቤቱ ዝምታ ይህ ነበር፤ እሷ ታውቀዋለች። ከዓመት በላይ አብራው ኖራለች። ከእሑድ እስከ እሑድ የምትሰማው ይህንኑ ነው፤ ጣሪያው ፀሐይ ሲያገኘው ጠቅ የሚለውን፣ መስኮቱ ሥር የምትዞረውን ንብ። በዚህ ዝምታ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው ነበር። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ መነካካት ጀመሩ። መጀመሪያ በጣም በቀስታ፤ ከዚያ እየበዛ። ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠና ትሪውን አየ። በእውቀቱ በእግር ጣቱ ጫፍ ተራምዶ መጣ፣ ፈገግ እንዳለ፣ እጆቿን ከትሪው አላቀቀ፣ ወስዶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

እጇ ባዶ ቀረ። ሁለቱንም አነሣችና ራሷ ላይ ጫነቻቸው።

"አንዷለም!" አለች። "አንዱዬ!"

አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ጥሪ ነው። አንዱ ይጠራል፣ ደጅ ያሉት ይቀበላሉ፤ ለቅሶ ብቻውን የሚለቀስ ነገር አይደለም። ደብሬ ጠርታ ጠበቀች። በመስኮቱ በኩል ድንኳኑ ይታያል፤ ሴቶቹ ከመኪናው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ናቸው። እንደገና ጠራች፤ ድምፅዋ በዚህ ጊዜ ከፍ ብሎ ተሰነጠቀ።

ደጅ አመተ ማርያም እጇን ዘርግታ ሴቶቹን አረጋጋች። "ዝም፣ ዝም" አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "ለፈረንጆቹ ነው፤ እየቀረጿት ነው። ጠዋት አዋርደናታል፤ አሁን ደግሞ እንዳናበላሽባት።" አንዷ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። "ታውቅበታለች ግን" አለች። "እንዴት አድርጋ ታለቅሳለች!" ሁሉም ለጎረቤታቸው ሲሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ፤ አንዲቱ እጇ ላይ የነበረውን ነፍሮ እንኳ አፏ ሳትጨምር ቆየች።

ደብሬ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራች። ሽማግሌው መቅዳቱን አላቆመም፤ ማይኩን ወደ እሷ አዞረ።

ምትኩ ከመኪናው ኋላ ተነሣ። ጋቢው ከራሱ ላይ ወደቀ። መርዶ ነጋሪው እሱ ነው፤ የእድሩ ሰብሳቢ ቆሞ አንድ ቃል ካለ ያ ሁሉ ሴት ይነሣል። አፉን ከፈተ። በእውቀቱ ከመስኮቱ ሆኖ አየው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ በሌላኛው እጁ ሰዓቱን አሳየው፤ ጥቂት ሰከንድ ነው የቀረው።

ምትኩ እንደ ስምንት ወር ልማዱ ተቀመጠ።